በዘመነ ማርቆስ የተጻፈች ደብዳቤ

በአገራችን ባህል ሰው የዘር ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ይጠበቅበታል። ጋብቻ ሲታሰብ ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጡና ስሞችን ይደረድራሉ፤ ቀደም ባለው ዘመን ርስት ሲከፈልም እንዲሁ ነበር። እኔም ልጅ ሳለሁ የአባቴን ወገን እስከ ሰባት ቤት በቃሌ አጥንቻለሁ። ካደግሁ በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ የምንቆጥረው ስም ነው እንጂ ኑሮ አይደለም። እገሌ እገሌን ወለደ እንላለን፤ እገሌ ምን ሠርቶ በላ፣ ማንን ፈራ፣ በምን አፈረ የሚለው ከቆጠራው ውጭ ይቀራል። የቤተሰብ ታሪክ የሚጠፋው በእሳት፣ በጦርነትና በምስጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በይሉኝታም እንደሚጠፋ የተረዳሁት ከአንዲት ትንሽ ወረቀት ነው።

ወገኖቼ የደብረ ሲና ሰዎች ናቸው። ደብረ ሲናን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል፤ የጣርማ በርን ብርድና ጉም አልፎ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርዶ፣ መኪናው ሲቆም በመስኮት ቆሎ የሚቀርብለት እዚያ ነው። ባለፈው ዓመት የቤተሰባችን ታላላቆች የዘር ሐረጋችን በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ለልጆቻችን እንዲደርስ ተስማሙ። «አንተ ግጥም ትሞክራለህ» ተብሎ ጽሕፈቱ ለእኔ ተሰጠ። ስለ ወንድ አያቴ የሚጻፈው ዓረፍተ ነገር ግን አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ «በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጫካ ገብተው የታገሉ አርበኛ» የሚል ነው። ሜዳይ ነበራቸው ይባላል። ሜዳዩን በዓይኑ ያየ ሰው ግን በሕይወት ካሉት መካከል አላገኘሁም።

የቤተሰቡ ወረቀት ጠባቂ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ማንበብ አይችሉም። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና ደርሶ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ሲሸሽ እርሳቸው ከቤት ይዘው የወጡት ሁለት ነገር ነበር፤ የለበሱትን ጋቢና በአሮጌ የዳዊት ማኅደር ውስጥ የተቋጠረ የወረቀት ጥቅል። ስለ ሌላው ንብረት ስንጠይቃቸው «ዕቃ ይገዛል፤ ይህ ግን የርስታችን ምስክር ነው» አሉን። የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ እነዚያ ወረቀቶች ለመሬት መመስከር ካቆሙ 47 ዓመት ሆኗቸው ነበር። አክስቴ ይህን አያጡትም። የሚመሰክሩት ሌላ ነገር እንዳለ ግን እርሳቸውም እኔም አናውቅም ነበር።

ማኅደሩን ስፈታው በብዛት ያገኘሁት የመሬት ግብር ደረሰኝ ነው። አንዳንዱ በምስጥ ተበልቶ ዓመተ ምሕረቱ ጠፍቷል። እንዲህ ያለውን ደረሰኝ በምን ዘመን እንደተቆረጠ ለማወቅ የግብሩን ዓይነት ማየት ይጠቅማል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የትምህርት ግብር በመሬት ላይ የተጨመረው በ1940 ዓ.ም. ሲሆን የጤና ግብር የተከተለው በ1951 ዓ.ም. ነው። አሥራት ቀርቶ በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የተተካው ደግሞ በ1960 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ቀኑ የተቀደደ ደረሰኝ የጤና ግብር ከተመዘገበበት ከ1951 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ አሥራት ካለበት ደግሞ 1960 ዓ.ም.ን አልተሻገረም ማለት ነው። «ለም»፣ «ለም ጠፍ»፣ «ጠፍ» የሚሉት ቃላት የመሬቱን ደረጃ ይነግሩናል። የቀድሞውን የግብርና የመሬት ሥርዓት ለማወቅ የሚሻ ሰው በ1942 ዓ.ም. የታተመውን የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» ቢያገላብጥ የብዙ ጥያቄዎቹን መልስ ያገኛል።

እንጀራዬ ከባንክ ቤት ነውና ሰነድን ከማመን ይልቅ ማመሳከርን ለምጃለሁ። የአያቴ ስም በአንዱ ደረሰኝ ላይ በ«ኃ»፣ በሌላው በ«ሀ» ተጽፏል፤ በሦስተኛው ላይ የመንደር መጠሪያቸው ብቻ ሰፍሯል። ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸውን ያረጋገጥሁት በመሬቱ አዋሳኞች ነው። ሰው ስሙን ይለውጣል፤ ጸሐፊም ይሳሳታል። ወንዙና ገደሉ ግን በየደረሰኙ ያው ነበሩ።

ከደረሰኞቹ ሥር ሦስት ደብዳቤዎች ነበሩ። ሁለቱ ከድል በኋላ የተጻፉ የዕቁብና የከብት ጉዳይ ናቸው። ሦስተኛዋ የመዳፍ ስፋት ያላት፣ አራት ቦታ የታጠፈች፣ በእጥፋቷ ላይ ልትበጠስ የደረሰች ወረቀት ናት። በላይዋ ያለው የላኪ ስም በዘር ሐረጋችን ውስጥ ስለሌለ የእኛ አይደለችም ብዬ ልመልሳት ነበር። ስሙን ጮክ ብዬ ሳነብ አክስቴ ቀና አሉና «ይህማ የአባቴ የክርስትና ስም ነው፤ በተዝካሩ ቀን ካህናቱ ሲጠሩት ሰምቻለሁ» አሉኝ። በእኛ ዘንድ ሰው በዓለም ስሙ ይኖርና በክርስትና ስሙ ይፈታል። ደብዳቤዋን የጻፉት የቤተ ክህነት ሰው ስለነበሩ የመረጡት ያንን ስም ነው። አክስቴ ባይኖሩ ኖሮ ይህች ወረቀት የማንም ሳትሆን በቀረች።

ዓመተ ምሕረት የላትም። በግርጌዋ ያለው «በጥር የአስተርእዮ ማርያም ማግሥት፣ በዘመነ ማርቆስ ተጻፈ» የሚል ብቻ ነው። አስተርእዮ ማርያም ጥር 21 ቀን ስለምትውል ቀኑ ጥር 22 ነው። ዓመቱን ለማግኘት የባሕረ ሐሳብን መንገድ ተከተልሁ። አራቱ ወንጌላውያን በየአራት ዓመቱ ይፈራረቃሉ፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ አንድ ከቀረ ማቴዎስ፣ ሁለት ከቀረ ማርቆስ፣ ሦስት ከቀረ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። በዚህ ስሌት በአያቴ የጎልማሳነት ዘመን ማርቆስ የዋለባቸው ዓመታት 1926፣ 1930 እና 1934 ናቸው። ደብዳቤዋ ስለ ሊሬና ስለ ጣሊያናዊ የሥራ አለቃ ትናገራለች። በ1926 ዓ.ም. ጣሊያን ገና አልገባም። በጥር 1934 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከተመለሱ ወራት አልፈዋል። እንግዲህ ደብዳቤዋ የጥር 22 ቀን 1930 ዓ.ም. ናት።

በዚያን ጊዜ ሴት አያቴ ሕፃን ታቅፈው መንዝ ከወላጆቻቸው ዘንድ ተጠግተው ነበር። ደብዳቤዋ ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ትላለች፦

«ከመንገዱ ሥራ ገብቻለሁ። ከጣርማ በር በታች ድንጋይ እፈልጣለሁ። ወድጄ አይደለም፤ አንቺና ሕፃኗ ጦም እንዳታድሩ ብዬ ነው። ሊሬውን እዚያ ሰው አይቀበልሽም ብዬ ጨው ገዝቼበት በዚህ ሰው እጅ ልኬአለሁ። ይህን ከሚያነቡልሽ ከየኔታ በቀር ሌላ ሰው እንዳይሰማ አደራ።»

ይህን ያነበብሁት ለራሴ ብቻ ነው። አክስቴ «ምን ይላል?» ሲሉኝ «ሰላምታ ነው» ብዬ አጠፍሁት። ያን ዕለት እኔም የይሉኝታው ተካፋይ ሆንሁ።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ጋዜጦችን ለመመልከት ወደ ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመላለስሁ። በ1917 ዓ.ም. መታተም የጀመረው «ብርሃንና ሰላም» በወረራው ጊዜ ቆሟል፤ «አዲስ ዘመን» የተወለደው ከነፃነት በኋላ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለውን ዘመን በአማርኛ የያዘው የወራሪው መንግሥት ልሳን «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» ነው። መንገዱንና ድልድዩን እንደ ቸርነት ሥራ ያወድሳል። ድንጋዩን የፈለጠው ግን ስም የለውም። አያቴን በጋዜጣ ውስጥ እንደማላገኛቸው ሳልሄድም መገመት ነበረብኝ። ጋዜጣ የሹምን ስም ይጽፋል፤ የድንጋይ ፈላጭን ስም የሚጽፈው ለሚስቱ ደብዳቤ የሚልክለት ሰው ነው።

መንገዱ ግን በታሪክ ውስጥ አለ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠበቀው። ጠግኖ አለፈና ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ከዚያም በሰሜን ሸዋ እነ ራስ አበበ አረጋይ ሲዋጉ፣ ጠላት ጦሩንና ስንቁን የሚያመላልስበት መንገድ አስፈለገው። ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈው፣ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋው የጣርማ በር ዋሻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በአጠራር «ሙሶሎኒ ዋሻ» እንለዋለን። በስሙ የሚጠራው ያስቆፈረው ሰው ነው፤ የቆፈሩት አይደሉም።

ያን ጊዜ የነበረውን ፍርሃትም ማስታወስ ይገባል። ደብዳቤዋ ከመጻፏ ስምንት ወር ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም.፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ተረሽነዋል፤ ዲያቆናቱም ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው በዚያ አቅራቢያ ተገድለዋል። አያቴ ድንጋይ ሲፈልጡ ይህን የሰሙ ሰው ነበሩ። የፈሩት ግን ጣሊያንን ብቻ እንዳልነበር ደብዳቤዋ ትናገራለች። «ሌላ ሰው እንዳይሰማ» ያሉት መንዝ ላለችው ሚስታቸው ነው። መንዝ የአርበኞች አገር ነበር።

ስለዚያ ዘመን ስንናገር ለሰው የምንሰጠው ስም ሦስት ነው፤ አርበኛ፣ ስደተኛ፣ ባንዳ። ከድል በኋላ ሹመቱም ርስቱም ወቀሳውም በእነዚህ ሦስት ስሞች ዙሪያ ሲያከራክር ኖሯል። ጠመንጃ ይዞ ጫካ ያልገባ፣ ባሕር ተሻግሮ ያልተሰደደ፣ ለጠላት አድሮ በወገኑ ላይ ያልዘመተ፣ ዳሩ ግን አምስቱን ዓመት በልቶ ማደር የነበረበት ሰው ምን ይባላል? ቁጥሩ የትየለሌ ነው፤ ስም ግን አላወጣንለትም። ስም የሌለው ሰው ደግሞ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ መደበቅ ግድ ይሆንበታል። የእኛም ቤተሰብ አያታችንን በአርበኛ ስም ሥር ሸሸጋቸው።

እውነቱን ለመናገር እኔም መሸሸጊያ ፈልጌ ነበር። «ውስጥ አርበኛ» የሚል የከበረ ስም አለ፤ ከጠላት ጋር እየሠራ ለአርበኞች ወሬና ጥይት ያቀብል ለነበረ ሰው የሚሰጥ ነው። አያቴም ድንጋይ እየፈለጡ የጠላትን እንቅስቃሴ ለመንዝ ሰዎች ይልኩ እንደሆነስ? ደብዳቤዋን ያደረሰው ሰው ማን ነበር? ሁለት ሌሊት ይህን ሳወጣና ሳወርድ አደርሁ። ልሆን እችላለሁ የሚል ሁሉ ሆነ ማለት አይደለም። ልቤ የሚወደውን ታሪክ ሰነድ እንዳለው አድርጌ ብጽፍ፣ ነገ ልጄ ይህን መጽሐፍ ሰነድ ነው ብሎ ይጠቅሰዋል።

በሌላ በኩል፣ ወረቀት ዝም ስላለ ብቻ የቤተሰቡን ቃል ሐሰት ነው ማለትም ድፍረት ነው። ለዚህ ሁለት ማስረጃ አገራችን ሰሜን ሸዋ ሰጥታኛለች። አንደኛው የዘረት ዋሻ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የአበበ አረጋይን ጦር የተከተሉ ቁስለኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚያ ዋሻ ተጠልለው ሳሉ የጣሊያን ጦር በመርዝ ጋዝ አጠቃቸው፤ ብዙዎችንም ረሸነ። የአካባቢው ሕዝብ ቦታውን «አመፀኛ ዋሻ» እያለ ያውቀው ነበር። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ በአገሩ ወታደራዊ መዛግብት ያገኘውን ሰነድ ተከትሎ በ1998 ዓ.ም. ዋሻው ድረስ ሲመጣ፣ የገዳዩ ወረቀትና የተገዳዩ ወገን ቃል አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ።

ሁለተኛው ራሱ ደብረ ሊባኖስ ነው። ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም ያስታወቀው የ297 መነኮሳትን፣ ቀጥሎም የ129 ዲያቆናትን መገደል ነው። ኋላ ኢያን ካምቤል የተባለው ተመራማሪ የዓይን ምስክሮችን ቃል ከሰነዶቹ ጋር አስተያይቶ የሟቾቹ ቁጥር ከሺህ በእጅጉ የሚበልጥ መሆኑን አሳየ። በዘረት ወረቀቱ የሕዝቡን ቃል አጸና፤ በደብረ ሊባኖስ የሕዝቡ ቃል ወረቀቱን አረመ። ስለዚህ አፍና ወረቀት ሁለት ምስክሮች ናቸው። ሁለቱም ሊዋሹ ይችላሉ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ሊጠየቁ ይገባል።

ይህን ካሰብሁ በኋላ ትልቁ ጥያቄ ቀረ። አያቴ «ሌላ ሰው እንዳይሰማ አደራ» ብለዋል። አደራ በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። ሴት አያቴ አደራውን እስከ ሞት ጠብቀዋል፤ ለልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም። ደብዳቤዋን ግን አላቃጠሏትም። ለምን? አንድም ሰው እንዳይሰማ የሚፈልግ ሰው ወረቀቱን እሳት ውስጥ ይጥለዋል፤ እርሳቸው ከርስቱ ሰነድ ጋር አስቀመጡት። ከዚህ በላይ ልነግራችሁ የምችለው ነገር የለም።

በትንሣኤ በዓል ደብረ ሲና ወርጄ ነገሩን ለአክስቴ ለመንገር ወሰንሁ። ለመናገር ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ደብዳቤዋን አውጥቼ፣ «ያን ጊዜ ሰላምታ ነው ያልሁዎት ውሸቴን ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁና ቃል በቃል አነበብሁላቸው። ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። «ድንጋይ እፈልጣለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ። ስጨርስ ዝም አሉ። ከዚያ «እስቲ ስለ ሕፃኗ ያለውን ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምሁላቸው።

«በዘመነ ማርቆስ ነው ያልኸው?»

«አዎ፤ በ1930 ዓ.ም.።»

«እኔ የተወለድሁት ጣሊያን በገባ በዓመቱ ነው» አሉ። «ከእኔ በላይ ልጅ አልነበረም። ያቺ ሕፃን እኔ ነኝ።»

በደብዳቤዋ ውስጥ ያለችውን ሕፃን ከአያቴ ሥራ ጋር ሳመሳክር፣ ከሊሬው ጋር ሳመሳክር፣ ከወንጌላዊው ጋር ሳመሳክር፣ ፊት ለፊቴ ከተቀመጡት ሴት ጋር ማመሳከሩን ረስቼው ነበር።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» ስል ጠየቅኋቸው። «አባትዎ ማንም እንዳይሰማ ብለው አደራ ብለዋል።»

ጥቂት አሰቡና፣ «አባቴ ያፈረው ለራሱ አይደለም፤ እናቴን ሰው እንዳይነካት ብሎ ነው። አሁን የሚነካት የለም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ጨው ልኮልኛል ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

በመጽሐፉ ውስጥ ስለ አያቴ የሰፈረው እንግዲህ ይህ ነው፦ «በጥር ወር 1930 ዓ.ም. ከጣርማ በር በታች በመንገድ ሥራ ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። በደመወዛቸው ጨው ገዝተው መንዝ ለነበሩት ባለቤታቸውና ለሕፃን ልጃቸው ልከዋል፤ ይህም በእጃችን ካለ ደብዳቤ ታውቋል። ጫካ ገብተው እንደታገሉም ከልጆቻቸው ሰምተናል፤ ስለዚህ የተጻፈ ነገር አላገኘንም።» ከታላላቆቻችን አንዳንዶቹ በመካከለኛው ዓረፍተ ነገር አዝነዋል፤ አንዱም እስከ ዛሬ አላናገረኝም። ልጆቹ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚጠይቁኝ ስለ ጨው ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በቤትህ ማኅደር፣ ሣጥን ወይም ሙዳይ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ካለ አያቶች በሕይወት ሳሉ አውጣው። የክርስትና ስም የሚያውቁት፣ «ያቺ ሕፃን እኔ ነኝ» የሚሉትም እነርሱ ናቸው። ወረቀቱ ሊቆይ ይችላል፤ እነርሱ ግን አይቆዩም።

አሁን በጣርማ በር ዋሻ ባለፍሁ ቁጥር፣ ከጨለማው ወጥቼ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ቁልቁለት ሲጀምር፣ ከመንገዱ ዳር ያለውን የተጠረበ ድንጋይ እመለከታለሁ። የትኛው የአያቴ እንደሆነ አላውቅም። የመንገዱን ኩርባ ሁሉ ግን እንደ ወገን ንብረት አየዋለሁ።